እንግዳው መምህር በኮሪያ

በየዓመቱ በኅዳር ወር በአንድ ሐሙስ ቀን፣ በደቡብ ኮሪያ አየር ማረፊያዎች ሁሉ ለ35 ደቂቃ ያህል አውሮፕላን አይነሣም፤ አያርፍምም። ቀድሞ በአየር ላይ የነበረውም ከፍ ብሎ እየዞረ እንዲቆይ ይታዘዛል። ይህ የሚሆነው ጦርነት ተነሥቶ ወይም ማዕበል መጥቶ አይደለም። ግማሽ ሚሊዮን የሚያህሉ ወጣቶች ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተቀምጠው የእንግሊዝኛውን የማዳመጥ ጥያቄ የሚሰሙት በዚያች ሰዓት ስለሆነ፣ የሞተር ድምፅ ጆሯቸውን እንዳያውክባቸው ነው። በዚያው ዕለት ጧት ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለተማሪው መንገድ ለመልቀቅ ሲሉ ዘግይተው ይከፈታሉ፤ የረፈደበትንም ልጅ ፖሊስ በሞተር ብስክሌት አፈናጦ ወደ ፈተናው ቦታ ሲያደርሰው ይታያል። የፈተናው ስም «ሱነንግ» ይባላል።

እንግዲህ አንድ አገር አውሮፕላኑን እስከማስቆም ድረስ የሚያከብረውን ቋንቋ ከባሕር ማዶ ይዞ የሚመጣው መምህር፣ በዚያ አገር እንዴት ይኖራል? የት ያድራል? ከማንስ ጋር ይነጋገራል? ደግሞስ ቋንቋው የተከበረውን ያህል እሱ ይከበራልን? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን፣ በተለይም ነገ በሰው አገር ለመማር ወይም ለመሥራት ለሚያስቡት ወጣቶች የምናቀርበው ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን እንደ አገራችን መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። የኮሪያው ንጉሥ ኮጆንግ በ1886 የመኳንንቱ ልጆች እንግሊዝኛና የምዕራቡን ዕውቀት የሚማሩበት «ዩክዮንግ ኮንግዎን» የተባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያቆም፣ ሦስት ወጣት መምህራን ከአሜሪካ አስመጥቶ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሆመር ሀልበርት በዚያን ጊዜ የ23 ዓመት ጐልማሳ ነው። ይህ ሰው የአገሩን ቋንቋ አጥንቶ፣ በአገሬው ፊደል ስለ ዓለም ጂኦግራፊ የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፈ፤ ጃፓን ኮሪያን ልትውጥ በተነሣች ጊዜም ለንጉሡ ተሟጋች ሆኖ በውጭ አገር ደከመ። በ1949 በስተርጅናው ወደ ኮሪያ ተመልሶ ጥቂት ቀናት እንደ ቆየ በሴኡል ዐረፈ፤ መቃብሩም እዚያው ነው። ይህን የመሰለው መምህር ግን በየዘመኑ አይገኝም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1966 እስከ 1981፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች እየመጡ በኮሪያ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ወደ እኛም አገር በ1962 ከ270 የሚበልጡ የሰላም ጓዶች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተመድበው ነበርና፣ አባቱ ወይም አያቱ በነሱ እጅ የተማረ አንባቢ ጥቂት አይሆንም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የሰላም ጓዱ የሚመጣው በበጎ ፈቃድ ነበር፤ የዛሬው መምህር የሚመጣው በውል ነው። የኮሪያ መንግሥት በ1995 «ኤፒክ» የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ የውጭ አገር ሰዎችን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መቅጠር ጀመረ። በ1997ም እንግሊዝኛ ከ3ኛ ክፍል አንሥቶ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ትምህርት እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የመምህሩ ጉዞ ሰፋ፤ ገበያም ሆነ።

ለመሆኑ እንዲያስተምር የሚፈቀድለት ማን ነው? ለእንግሊዝኛ መምህራን የሚሰጠው ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች የተወሰነ ነው። እነሱም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራልያ፣ ኒው ዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ የትምህርቱ ዓይነት ግን ምንም ይሁን ምን ግድ የለም። ስለ ድንጋይ አፈጣጠር ያጠናውም፣ ሙዚቃ የተማረውም እኩል ይገባል። በሌላ በኩል፣ እንግሊዝኛን በከፍተኛ ማዕረግ ተምሮ የጨረሰ ኢትዮጵያዊ በዚህ ቪዛ መግባት አይችልም፤ አያቱ በ1951 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ቡሳን ወደብ ወርዶ ለዚያ አገር ደሙን ያፈሰሰ ቢሆን እንኳ። በቹንቾን ከተማ ለዘማቾቻችን መታሰቢያ በ1968 የተመረቀው ሐውልት ዛሬም በክብር ቆሟል። ይሁን እንጂ ውለታ ሌላ፣ የቪዛ ደንብ ሌላ ነው። ኮሪያ የምትፈልገው በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ነው፤ አፍ መፍታቱም የሚረጋገጠው በምላሱ ሳይሆን በፓስፖርቱ ነው። እኛ ይህን ከብልኅነት አንቆጥረውም፤ ብዙ ኮሪያውያን መምህራንም አይቆጥሩትም።

ከዲግሪው ሌላ የወንጀል ነጻ ማስረጃና የጤና ምርመራ ይጠየቃል። የጤናው ነገር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ የውጭ አገር ቋንቋ መምህራን፣ ኮሪያውያን ባልደረቦቻቸው የማይጠየቁትን የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርጉ ይገደዱ ነበር። አንዲት የኒው ዚላንድ ተወላጅ መምህርት ምርመራውን ድገሚ ብትባል እምቢ ብላ ሥራዋን ካጣች በኋላ፣ ጉዳይዋን እስከ ተባበሩት መንግሥታት አደረሰች። የዘር መድልዎን የሚመለከተው ኮሚቴ በ2015 እውነቱ የሷ መሆኑን አስታወቀ፤ ግዴታውም በ2017 ቀረ። የሠለጠነ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚታየው እንደ ጥርጣሬ ዕቃ መሆኑ፣ ከሕጉ ይልቅ ልብን የሚያቆስል ነገር ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ቀጣሪው ለመምህሩ አንድ ክፍል ቤት ይሰጠዋል፤ ወይም የኪራይ ገንዘብ ይቈርጥለታል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ ማብሰያውና የልብስ ማጠቢያው በአንድ ዐይን ይታያሉ። መታጠቢያው ከመጸዳጃው አይለይምና፣ ገላውን በታጠበ ቁጥር ወለሉ ሁሉ ውሃ ይሆናል። ነገር ግን ወለሉ ከሥር ይሞቃል። ይህ «ኦንዶል» የሚባለው የጥንት ብልኀት ነው። ድሮ የምድጃው ጢስና ሙቀት ከወለሉ በታች ባለ ቦይ እንዲያልፍ ይደረግ ነበር፤ ዛሬ ሙቅ ውሃ በቧንቧ ይዞርበታል። ውርጩ አጥንት በሚሰብርበት በጥር ወር፣ መምህሩ ወንበሩን ትቶ መሬት ላይ ተቀምጦ መብላት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ጫማ ከበር ላይ ይቀራል። ቆሻሻን መለየትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የምግብ ትራፊ ለብቻ፣ ወረቀት ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ፤ የቀረውም ከሱቅ በሚገዛ የተወሰነ ከረጢት ውስጥ ይጣላል። የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚቈጡት የሰፈሩ አሮጊቶች ናቸው፤ ቍጣቸውንም ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም።

በመንግሥት ትምህርት ቤት የተቀጠረ እንደ ሆነ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል። በሩ ላይ የውጭ ጫማውን አውልቆ የቤት ነጠላ ጫማ ይጫማል፤ ለርእሰ መምህሩ ጐንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ ያህል ያስተምራል፤ ብቻውን ግን አይደለም። አብሮት አንድ ኮሪያዊ መምህር ይቆማል። ሕጉ ሁለቱ ተረዳድተው ያስተምሩ ይላል። በተግባር ግን አንዳንዱ ባልደረባ ከኋላ ተቀምጦ ወረቀቱን ያርማል፤ ሌላው ደግሞ እንግዳውን ቃል ብቻ እንዲያነብ አቁሞት እንደ ቴፕ ሪኮርደር ያሠራዋል። ሁለቱ ሲግባቡ ክፍሉ ሕይወት ያገኛል። ይህ ዕድል ነው፤ በውል ላይ የሚጻፍ አይደለም።

መምህሩ «ሃው አር ዩ?» ብሎ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አይም ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ኤንድ ዩ?» ይላሉ። ራሱን የሚያመውም ልጅ፣ ያለቀሰውም ልጅ መልሱ ያው ነው። መጽሐፉ ያስተማራቸው ይህን ነዋ! ጥሩ መምህር ወራት የሚፈጅበት ሥራ ልጁን «ዛሬ ደክሞኛል» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ድምፁም ያስቸግራል። ኮሪያኛ የ«ፈ»ን ድምፅ አያውቅም፤ «ረ»ና «ለ»ም በአንድ ፊደል ይጻፋሉ። ስለዚህ ልጁ ሩዝ በላሁ ሊል ፈልጎ ቅማል በላሁ ቢል የሚስቀው መምህሩ ብቻ ነው። ሁለት ተነባቢ ድምፆች ሲገናኙበትም መካከላቸው የኛን ሳድስ የመሰለች ቀጭን ድምፅ ያስገባል። እኛ «እስኩል» ብለን ከፊት እንደምንደግፈው፣ እሱ ከመካከል ይደግፈዋል። እንዲያውም በዚህ ነገር የኛ ሰው ከእንግሊዙ ይልቅ ልጁን ፈጥኖ ይረዳው ነበር እንላለን። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 ለሕዝቡ ያወጣው የኮሪያ ፊደል 24 መሠረታውያን ምልክቶች ብቻ ስላሉት በጥቂት ቀን ማንበብ ይቻላል። ይህን ለመማር ያልታከተ መምህር የአውቶቡሱን ሰሌዳና የምግብ ቤቱን ዝርዝር አንብቦ እንደ ሰው ይኖራል። ያልተማረው ግን ዲግሪውን ይዞ ባንክ ለመሄድም፣ ሐኪም ዘንድ ለመቅረብም፣ የመብራት ሂሳቡን ለማወቅም ባልደረባውን እንደ ሞግዚት ይጠብቃል። ሆዱን ሲያመው የት እንደሚያመው ለሐኪሙ የምትነግርለት የሥራ ባልደረባው ናት፤ ነገሩም በማግሥቱ በመምህራን ክፍል ይሰማል።

ምሳ ከሁሉ ጋር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። በብረት ትሪ ላይ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ጥቂት ወጥና በበርበሬ የተብላላው ጎመን ኪምቺ ይቀርባል። የበርበሬው ነገር ሐበሻን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የአየርላንዱን ልጅ ግን ያስለቅሰዋል። ገና ትውውቁ ሳይጸና «ዕድሜህ ስንት ነው? አግብተሃል ወይ?» እየተባለ ይጠየቃል። አውሮፓውያን ይህን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። የኛ አንባቢ ግን ምክንያቱን ቶሎ ያገኘዋል፤ ቋንቋቸው እንደ ቋንቋችን «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ይለያልና፣ ዕድሜ ሳይታወቅ አፍ መክፈት ያስቸግራል። መምህሩን «ሶንሴንግኒም» ብለው ይጠሩታል፤ የአክብሮት ስም ነው። ማታ ማታ አንዳንዴ የሥራ ባልደረቦች ማዕድ «ሁዌሲክ» ይኖራል። በዚያም ለታላቅ ሰው በሁለት እጅ ይቀዳል፤ የራስን ጽዋ በራስ አይሞሉም፤ በታላቅ ፊትም ሲጠጡ ፊትን ዘወር ያደርጋሉ። ቀረሁ ማለት አይከለከልም፤ ይታወሳል እንጂ።

እስካሁን የተናገርነው ደኅነኛውን ኑሮ ነው። ከመምህራኑ ብዙዎቹ የሚሠሩት ግን «ሃግዎን» በሚባለው፣ ወላጅ ከፍሎ ልጁን ከመደበኛው ትምህርት በኋላ በሚልክበት የግል ማስጠኛ ቤት ነው። የዚህ መምህር ቀን የሚጀምረው 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚያልቀው ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ነው። የዐሥር ዓመቱ ልጅ ትምህርት ቤቱን ጨርሶ፣ የሂሳብ ሃግዎኑን ጨርሶ፣ አንዳንዴም ቴኳንዶውን ጨርሶ ወደሱ ይመጣል። እዚያም በኮሪያዊ ስሙ ፈንታ «ኬቪን» ወይም «ሳሊ» የሚል የእንግሊዝኛ ስም ይሰጠዋል። መምህሩ ልጁን የሚያገኘው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው። ቢያጫውተው ባለቤቱ በካሜራ ያየዋል፤ ቢያስጨንቀው ልጁ ጠረጴዛው ላይ ያንቀላፋል፤ እናትየው ደግሞ በማግሥቱ ስልክ ደውላ ስንት ገጽ እንደ ተማረ ትጠይቃለች። እናቲቱን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን የጎረቤቷ ልጅ ሲማር የሷ ልጅ ሜዳ ላይ ቢውል፣ በሱነንግ ቀን የሚፈረደው በሷ ላይ ነው።

መንግሥት ይህን ለማቆም ያልሞከረው የለም። በ1980 ወታደራዊው መንግሥት የግል ማስጠናትን ፈጽሞ ከለከለ፤ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2000 ክልከላው ከመብት ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። ሴኡል ሃግዎኖች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ ደንብ አወጣች፤ ያው ፍርድ ቤት ይህንን በ2009 አጸደቀላት። በዚያው ዓመት ደንቡን የሚጥሱትን ለጠቆመ ሰው ጉርሻ ይከፈል ጀመር። ዛሬ በሴኡል በጋንግናም ወረዳ ዴቺ ዶንግ በተባለው ሰፈር 4 ሰዓት ሲሞላ፣ ልጆች ከየፎቁ እንደ ንብ ይወጣሉ፤ መንገዱም በወላጆች መኪና ይዘጋል። በ2024 ኮሪያውያን ለግል ትምህርት ያወጡት ገንዘብ 29.2 ትሪሊዮን ዎን እንደ ደረሰ የመንግሥቱ ቆጠራ ያሳያል፤ ከመቶ ተማሪ ሰማንያው በዚህ መንገድ ይማራል። የእንግዳው መምህር ደመወዝ ከዚህ ባሕር በጭልፋ የተቀዳ ነው።

ያ ሁሉ ወጪ የሚወጣበትን ፈተና ደግሞ እንመልከተው። የሱነንግ እንግሊዝኛ 45 ጥያቄ አለው፤ ጊዜውም 70 ደቂቃ ነው። 17ቱ በጆሮ የሚሰሙ፣ የቀሩት በዐይን የሚነበቡ ናቸው። አፍ የሚከፈትበት አንድም ጥያቄ የለም። አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ከውቅያኖስ ማዶ በብዙ ወጪ የመጣው ግን ልጁን ለማናገር ነበር! ስለዚህም እንግዳው መምህር በሕፃናቱ ዘንድ ይበዛል፤ ልጁ እያደገ ፈተናው በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። በከፍተኛው ክፍል የሱ ሰዓት ማለት ብዙውን ጊዜ ተማሪው የሂሳብ መጽሐፉን ከሥር ዘርግቶ የሚሠራበት ወይም የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ሴኡልም ከ2012 ወዲህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ የነበሩትን እንግዳ መምህራን በብዙ ቀንሳለች። በጣም ይፈለጋል፤ በጣምም ይናቃል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ውሉን ጠጋ ብለን ብናየው ይህ ነገር ይበልጥ ይገለጣል። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። ቤቱ የቀጣሪው ነው፤ ቪዛው በቀጣሪው ስም የተያያዘ ነው። ደመወዙ አብዛኛውን ጊዜ በወር ከ2 ሚሊዮን ዎን በላይ፣ ከ3 ሚሊዮን በታች ነው። ኪራይ ለማይከፍል ላጤ ገንዘቡ ደኅና ነው፤ ብዙዎች የተማሩበትን ዕዳ የሚከፍሉት ከዚሁ ነው። ዓመቱን ለፈጸመ ሰው የአንድ ወር ደመወዝ የሚያህል የስንብት ገንዘብ በሕግ ይከፈለዋል። ስለዚህም፣ ይህን ላለመክፈል ሲል በ11ኛው ወር ሰበብ ፈልጎ መምህሩን የሚያሰናብት ባለቤት መኖሩ የቆየ ሮሮ ነው። ሥራውን ያጣ ቤቱንም፣ በአገሩ የመቆየት ፈቃዱንም አብሮ ያጣል። በውሉ መካከል ወደ ሌላ ቦታ ለመዛወር ቢፈልግ የቀድሞው ቀጣሪ የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ከሥራው ውጭ አንድ ልጅ በግል ቢያስጠና ደግሞ ቅጣትና ከአገር መባረር ይጠብቀዋል። እውነቱን ለመናገር የሠራተኛ ሕጉ እንግዳውንም ይጠብቃል፤ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አመልክቶ ገንዘቡን ያገኘ ጥቂት አይደለም። ሆኖም አቤቱታው እስኪታይ የት ያድራል? ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ለወጣቱ ሠራተኛ ምክር ስጡ ብንባል፣ ወደ የትም አገር ይሁን፣ ደመወዙን ከማየታችሁ በፊት ቤቱና ፈቃዱ በማን እጅ እንዳለ እዩ እንላለን። ይህን ማለታችን ኮሪያን ለማማት አይደለም። በብዙ አገር ያለው የእንግዳ ሠራተኛ ውል ከዚህ እጅግ የከፋ ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ ግን አይገባንም። ሁሉም መምህር ከተማ ውስጥ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ያለው ጋንግዎን፣ ዋና ከተማው ቹንቾን የሆነው፣ የቃኘው ሻለቃም በተራሮቹ ላይ የተዋጋበት፣ የገጠር አገር ነው። በኮሪያ ልጅ መውለድ እጅግ አንሷል። በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው በአማካይ 0.72 ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት 0.75 ሆነ። በገጠር ደግሞ ወጣቱ ወደ ከተማ ስለሚፈልስ ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው። በዚህ ዓይነት አገር የሚመደብ መምህር በሳምንት ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት በአውቶቡስ እየዞረ ያስተምራል። በአንዱ ክፍል ስድስት፣ በሌላው አራት ልጅ ያገኛል። በአቅራቢያው ሃግዎን የለም። ልጆቹ አይደክማቸውም፤ ስለ ውሻቸው፣ ስለ አያታቸው የሽንኩርት እርሻ፣ ትናንት ስለ ወረደው በረዶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያወሩታል፤ እሱም በተሰባበረ ኮሪያኛ ይመልስላቸዋል። በመጸው ጊዜ አውቶቡስ ሲጠብቅ ባልቴቶች ከዛፋቸው የለቀሙትን ፍሬ በከረጢት ያሸክሙታል። ከመጣበት ሥራ ጋር በእውነት የተገናኘው ምናልባት ይህ መምህር ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን በየዓመቱ ከነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዳንዱ ይዘጋል። መምህሩ ውሉ ካላለቀ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። አራቱ ልጆች ደግሞ ጧት ጧት በአውቶቡስ ወደ ከተማ መማር ይጀምራሉ፤ እዚያም ሃግዎን አለ።